ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ጨው

ፕሮፌሰሩ በሰነድ ክፍሉ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀው ነበር። አንድ እጃቸው ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ መነጽራቸው ከአፍንጫቸው ተንሸራቶ ጉንጫቸው ላይ ቀርቷል። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሐኪሙ ቀድሞ ደርሶ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። አስም ነበረባቸው» አለ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ወንፊት ይሏታል፤ የሰው ወሬ ሁሉ ሲያልፍባት ጠጠሩ እሷ ዘንድ ስለሚቀር ነው። እሷ ግን ስሙን አትወደውም። «ወንፊት እኮ ለራሱ የሚያስቀረው ግርዱን ነው» ትላለች። አሁንም ቃል የሚጽፍላትን ወፍራም ፖሊስ አስከትላ ገባችና ተንበርክካ የሟቹን እጅ አየች። የጣቶቻቸው አንጓዎች ተልጠዋል። ቀና ብላ በሩን ከውስጥ በኩል ስታየው ነጩ ቀለም በሰው ደረት ልክ ሦስት አራት ቦታ ደም ነክቶታል።

«በሩ አልተቆለፈም ነበር ያላችሁት?»

«አልተቆለፈም። አምስት ሰዓት ላይ እጀታውን ስጫነው ተከፈተ» አለች ከኋላዋ የቆመች ጎልማሳ ሴት።

«ታዲያ ያልተቆለፈ በር እጁ እስኪላጥ የሚደበድብ ማን ነው?»

ቁልፉ በውጭ በኩል ተሰክቶ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ሊያዞረው ይችላል።

በጥናት ክፍሉ የሚሠሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት ሳለ በማኅበራዊ ሚዲያ የጻፈውን ይሰበስባሉ፤ ከዚያ ከየቃሉ ጀርባ ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ፣ ማን ተጠቃሚ፣ ማን ተጎጂ እንደሆነ ይመረምራሉ። ፕሮፌሰሩ ከዚሁ መጽሐፍ ሊያወጡ ነበር።

«ስም አጥፊዋ እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ፣ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ማለቴ… የጸሐፊዎቹን ስም እየሰረዝኩ በቁጥር የምተካ እኔ ነኝ። እነሱ ናቸው ይህን ስም ያወጡልኝ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ እኔንም ወንፊት ብለውኛል። የጠዋቱን ሥራ ንገሪኝ።»

«ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ፕሮፌሰሩና ረዳታቸው ለየብቻ በር ዘግተው አንድ ዓይነት ወረቀቶች ያነባሉ። እያንዳንዱን ‹ፍርሃት›፣ ‹ወቀሳ›፣ ‹መተዛዘን› እያሉ ይመድባሉ። አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ነው በሩ የሚዘጋው። ስልካችን ሁሉ እዚህ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። አምስት ሰዓት ሳይሞላ የማንንም በር መክፈት ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።»

«ምደባቸው ሲለያይስ?»

«ከአምስት ሰዓት በኋላ ተሰብስበን ይከራከሩበታል፤ ቃለ ጉባኤውን እኔ እይዛለሁ። በማግስቱ ያችኑ ወረቀት እንደገና ያነቧትና ምክንያታቸውን ይጽፋሉ።»

«የአስም መድኃኒታቸው የት ነበር?»

ሴትዮዋ በጋራው ክፍል ወንበር ላይ ወደተሰቀለው ኮት አመለከተች። ወንፊት ኪሱን ዳበሰች፤ መድኃኒቱ እዚያው ነበር።

«ሲያንኳኩ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች ሴትዮዋ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «መደርደሪያ የሚያስተካክሉ መሰለኝ። ደግሞም አምስት ሰዓት አልሞላም ነበር።»

ሁለተኛው ተጠያቂ ሁለቱ አንባቢዎች ስንት ጊዜ እንደተስማሙ የሚያሰላው ሰው ነበር፤ ቆጣሪው ይሉታል። ሳይጠየቅ ቀደመ።

«እኔም ሰምቻለሁ። አናጢ መስሎኝ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።»

«ሕንፃው ውስጥ አናጢ ነበር እንዴ?»

«አልነበረም» አለና ዓይኑን ሰበረ።

«ከሳቸው ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«እንከራከራለን እንጂ አንጣላም። ለሳቸው ጥፋት ሁሉ የሥርዓቱ ነው። ማን ሰደበ? ሥርዓቱ። ማን ገፋ? ሥርዓቱ። ‹ሥርዓት እኮ ካቴና አይገባለትም፣ ፕሮፌሰር› ስላቸው ይስቁና ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› ይሉኛል።»

ሦስተኛው ረዳቱ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያልዘለለው፣ ከሲታ፣ ሲናገር እጁን የሚያጣምር ትሑት ሰው። ክፍሉ ከሰነድ ክፍሉ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናል።

«ማንኳኳት ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም፣ እትዬ።»

ርቀው የነበሩት ሁለቱ ሰምተው በቅርብ ያለው አልሰማም፤ ይህች ጠጠር ወንፊቱ ላይ ቀረች።

ከዚያ የረዳቱን የጠዋት ወረቀቶች ይዛ ተቀመጠች። አርባ ነበሩ፤ የተሠራባት የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። ቁጥሯ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። ፎቶ የላትም፣ ስም የላትም፣ ጽሑፍ ብቻ፦

«ይችን እዩልኝ! እኛ በር ዘግተን ተቀምጠን እሷ ከቤት ቤት ትዞራለች። እያሳላት! ልትጨርሰን ነው። ከውጭ የሚቆልፍባት ሰው ጠፋ?»

መርማሪዋ ወረቀቷን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ጽሑፉን ታውቀዋለች። ማወቅ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሁለት ጊዜ አነበበችውና ቀና ስትል ወፍራሙ ፖሊስ እያያት ነበር።

«ምነው፣ ጤናሽ ነው?»

«ደህና ነኝ። የትናንቱን ቃለ ጉባኤ አምጣልኝ። ስም አጥፊዋ ዘንድ ያለውን የስም መዝገብም አትርሳ።»

መዝገቡ የመጣው ሁለት ገጽ ሆኖ ነው። በመጀመሪያው ላይ የቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ጸሐፊ ስም፣ በሁለተኛው ላይ ጽሑፉን ተቀብለው ያጋሩት ሰዎች ብዛት፣ ከመካከላቸውም አስተያየት የጻፉት ስም ከነቃላቸው። ወንፊት ሁለተኛውን ገጽ በጣቷ ወደ ታች ስትከተል ቆየችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ገጹን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ከማስረጃ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ኪሷ ገብታ አታውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በጋራው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ፕሮፌሰሩን አስም ገደላቸው፤ ሐኪሙ አልተሳሳተም» ብላ ጀመረች። «ግን መድኃኒታቸው ከበሩ ማዶ፣ ስልካቸው ቅርጫት ውስጥ ነበር፤ በሩም ተቆልፎባቸው ነበር። ክፍት በር ማንም አይደበድብም። ቆላፊው ድምፁ ሲጠፋ ቁልፉን መልሶ አዞረው። ከሦስታችሁ የቱ ነው?»

«የሁሉንም ስም የማውቅ እኔ ነኝ» አለች ስም አጥፊዋ፣ እንባዋ እየመጣ። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው።»

«አንቺን አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር። ቆዪ፣ ትናንት የጻፍሽውን ቃለ ጉባኤ ላንብብልሽ። ስለ ሁለት መቶ አሥራ አራት ረዳቱ ‹ወቀሳ ነው› አለ። ፕሮፌሰሩ ‹ፍርሃት ነው› አሉ። ከዚያ ምን አሉ? ‹ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት እያሳላት ወደ በርህ ስትመጣ ብታይ አንተም ትፈራ ነበር።› ቢጫ ሻሽ! እስቲ ወረቀቱን እዩት። የት አለ ሻሹ?»

ቆጣሪው ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው። «የለም» አለ።

«ሻሹን ሊያውቅ የሚችለው ሴትዮዋን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። የጸሐፊው ስም በመዝገቡ ላይ የማን ነው፣ እህቴ?»

«የሳቸው» አለች ስም አጥፊዋ። «‹ወረቀቷን ከጥናቱ ላውጣት ወይ?› ብያቸው ነበር። ‹ተያት፣ ሌላ ሰው ያንብባት› አሉኝ። ‹ፍርሃት› የሚላቸው ሰው የሚፈልጉ መሰለኝ።»

«ትናንት ሻሹን ሲሰማ ጸሐፊውን ያወቀ ሰው ከመካከላችሁ አለ። ሴትዮዋን የሚያውቅ ሰው። ያ ሰውም ዛሬ ጠዋት ያንኑ ስህተት ደገመው።» የረዳቱን ወረቀት አነሳች። «የጻፍከው ምክንያት ይኸውልህ፤ ‹ጨው ልትለምን የወጣችን ሴት ገዳይ ማድረግ ወቀሳ ነው።› ልጄ፣ ጨው ወረቀቱ ላይ የለም። ይህችን ጽፈህ ቀሪዎቹን ሠላሳ ዘጠኝ አልነካሃቸውም። ከግድግዳው ማዶ ሆነህም ማንኳኳት አልሰማሁም አልከኝ።»

ረዳቱ ያጣመረውን እጁን ፈታ።

«እናቴ ናት» አለ። «ደውላ ‹ጨው አልቆብኛል፣ ጎረቤት ልጠይቅ?› አለችኝ። ‹ሂጂ እማ› ያልኳት እኔ ነኝ። መንገዱ ተዘግቶ እኔ ሌላ ከተማ ነበርኩ። ይህ ከተጻፈ በኋላ ከውጭ ቁልፍ አንጠለጠሉባት። አራት ቀን አንኳኳች አሉኝ፤ በአምስተኛው ሞታ አገኟት። ሁሉም ሰምተዋል፤ የከፈተ የለም።»

«አንተስ?»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ልቆልፍባቸው ነበር ያሰብኩት። እንዴት እንደሆነ እንዲያውቁት ብዬ። መድኃኒቱ ኮታቸው ውስጥ መሆኑን አላስታወስኩም… አስታውሼም ይሆናል፤ አላውቅም። ማንኳኳቱ ሲቆም ቁልፉን መለስኩት። በሩን ግን አልከፈትኩም። ፈራሁ።» ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። «ቢያንስ አንዳችሁ ትከፍታላችሁ ብዬ ነበር።»

ስም አጥፊዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ቆጣሪው የቢሮውን ወለል ያይ ነበር።

ረዳቱ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦ «‹ከውጭ የሚቆልፍ ጠፋ› ሲሉ ስንት ሰው ‹ልክ ነው› አላቸው፣ እትዬ? ያንን እንኳ ልወቀው።»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት» ልትለውና ልትጨርሰው ትችል ነበር። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቃትም። ወንፊት ኪሷ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ነካቻት። ያኔ ባሏ ታሞባት ነበር፤ ሌሊቱን ትንፋሹን ስትቆጥር እያደረች ጠዋት ስልኳን ትከፍት ነበር። ‹ፍርሃት› ብላ ልትመድበው ከጠዋት ጀምሮ ስትታገል ውላለች፤ አልሆነላትም።

ገጹን አውጥታ ዘረጋችና ሰጠችው። «ከታች ሰባተኛው መስመር» አለችው። «ጮክ ብለህ አንብበው።»

ስሙን ሲያይ ቀና ብሎ ተመለከታት። ከዚያ አነበበ፦ «‹ልክ ነው፤ ይቆለፍባት።›»

ወፍራሙ ፖሊስ ብዕሩ እጁ ላይ ቀረ።

«ልጁን አንተ ውሰደው» አለችው ወንፊት ፖሊሱን። «እሱን የሚይዘው የእኔ እጅ መሆን የለበትም። ከመሄድህ በፊት ግን ቃሌን ተቀበለኝ።» ሦስቱ ተጠያቂዎች በየተራ የተቀመጡባት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የምን ቃል? ወንጀሉስ ምን ተብሎ ይጻፋል?» አለ ፖሊሱ ግራ ተጋብቶ።

«እሱን አላውቅም። አንተ ያልኩትን ጻፍ» አለችው። «ስሜን ሳትሰርዝ።»