አራትን ስትነካ ሰባት

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ማስረጃ የምትሉ ካላችሁ፣ የድምፅ መልእክቶቿ እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አሉ። አላጠፋኋቸውም። ማጥፋት ፈርቼ ነው።

ደግሞ ሌሊት ነበር፣ ጨለማ ነበር እንድላችሁ አትጠብቁ። ማክሰኞ ቀን ነው፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ... ፈረንጆቹ ሦስት የሚሉት። ቦታው ስካይዌይ፣ እዚሁ ሲያትል አጠገብ። ያቺ የማታባራው ካፊያችን ትወርዳለች።

የደረሰባት አክሱማዊት ናት።

እኔና እሷ የምንሠራው አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እሷ ሌሊት፣ እኔ ከማምሻው። ስሜ ወለተጊዮርጊስ ነው፤ ፈረንጆቹ መጥራት ሲያቅታቸው ወሊ ይሉኛል፣ ይበሉ።

አክሱማዊት ሌሊቱን አሮጊቶች ስታገላብጥ ታድርና ጠዋት ደግሞ ኤርፖርት ታጸዳለች። ባሏ ፋኑኤል ትራክ ነጂ ነው፤ ቤቱ ከሚያድርበት ሌሊት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበልጣል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሚሪያም። አምስት ዓመቷ ነው።

ድካም ስላችሁ እንደ እናንተ ድካም እንዳይመስላችሁ። ቀይ መብራት ላይ የምትተኛ ሴት ናት። ከኋላ ክላክስ ሲያደርጉባት "ይቅርታ እማማ፣ መጣሁ" ብላ የምትነቃ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አትለቅም። ልጇን ከዴይኬር የምታወጣት ራሷ ናት። እኔ ላውጣልሽ ስላት እንኳ እንቢ ትለኛለች።

"ቀኑን ሙሉ አታየኝም ወሌ። በሩ ላይ እንኳ እኔን ትይ።"

እና ሰኞ ዕለት ስልኳ የመወልወያው ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሞተ።

አዲስ ስልክ ከነአዲስ ቁጥሩ አወጣች። ቴሌግራሟ የድሮውን ቁጥር ነው የሚያሳየው። ስለዚህ አዲሱን ለሰው ሁሉ ጽፋ መላክ አለባት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለእትዬ ኑሪያ።

እትዬ ኑሪያ ቤታቸው ውስጥ ልጅ የሚይዙ የስልጤ ሴት ናቸው። እሳቸው ዘንድ መታወቂያ ማየት፣ ማስፈረም የሚባል ነገር የለም። "የሀበሻ ልጅ በፊርማ ይሰጣል እንዴ? ነውር ነው!" ይላሉ። ድምፅሽን ካወቁ፣ ፊትሽን ካዩ፣ በቃ። እኛም ቤተሰብ ነን ብለን ደስ ይለን ነበር... የዋሆች።

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ቁጥሯን ጻፈችና ላከችላቸው። እሳቸው በድምፅ መለሱ።

"አክሱዬ፣ ይሄ ምንድነው? የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው የላክሽልኝ?"

አየችው። ቁጥሩ በሙሉ በግዕዝ ነው የወጣው። እሷ የነካችው የምናውቀውን ቁጥር ነው፤ ስልኩ ግን ፪ እና ፮ እያለ ጽፎታል። ብትደግመውም ያው ነው።

አዲስ ነገር አይደለም፣ ብዙዎቻችን ላይ ደርሷል። የአማርኛ ኪቦርድ ስትጭኑ አንዳንዱ እንዲህ ያደርጋል። እሷ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መፈለጊያ ዓይን አልነበራትም። ወደ ዋይት ሴንተር ነዳች፣ ወደ ሙሀሲን ሱቅ።

ሙሀሲን በርበሬም ቻርጀርም የሚሸጥ ሰው ነው። የሰፈሩን ሀበሻ ስልክ የሚያስተካክለውም እሱ ነው፣ በነጻ፤ ክፍያው ስድቡን መስማት ነው።

"አክሱ፣ እንቅልፍሽን የት ጣልሽው?" አላት ገና ስትገባ።

"ስታገኘው ደውልልኝ።"

ስልኩን ተቀበላት። "ኪቦርዱ ነው እንጂ ስልኩስ ደህና ነው። እናንተ ያገኛችሁትን ሁሉ ትጭናላችሁ..." እያለ ሴቲንግ ገባ። የኪቦርዱን ዝርዝር ከፈተ፣ የግዕዝ ቁጥር የሚያወጣውን አጠፋና ሌላ ጫነላት። ቋንቋና አካባቢ ከሚለው ውስጥ የቁጥሩን ዓይነት ወደተለመደው መለሰው። ስልኩን አጥፍቶ አበራው።

"በይ፣ ለእትዬ ኑሪያ ላኪላቸውና ይሞከር።"

ጻፈች፣ ላከች። የምናውቀው ቁጥር ሆኖ ወጣ። ሙሀሲን እጁን አጨበጨበ።

ግን...

መጨረሻው ሰባት ነው።

የአክሱማዊት ቁጥር መጨረሻው አራት ነው።

"ጣትሽ ስቷል" አላት።

ደገመችው። አራትን ነካች፣ በደንብ አይታ። ሰባት ወጣ።

ሙሀሲን ስልኩን ወሰደና የራሱን ቁጥር ጻፈ፤ ልክ ነው። የሱቁን ጻፈ፤ አራት አለበት፣ እሱም ልክ ነው። የእሷን ጻፈ።

ሰባት።

ሳቀ። እንደገና ጻፈ። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

"ቆይ እስቲ፣ ይሄ ሰባት የማን ነው?" አለና በራሱ ስልክ መጨረሻው ሰባት ወደሆነው ቁጥር ደወለ።

ጠራ... ጠራ... ተነሳ።

ሙሀሲን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። ጆሮው ላይ እንደያዘው የአክሱማዊትን አፍ ያያል። አፏ ዝግ ነው። ቀስ ብሎ ዘጋው።

"ማነው?" አለችው።

"አንቺ... አሁን አወራሽ?"

"እኔ? ምን ብዬ?"

"ምንም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቢስሚላህ... ይሄ ሴቲንግ አይደለም፣ እህቴ። ሂጂ፣ ልጅሽን ውሰጂ። ቶሎ ሂጂ።"

ምን እንደሰማ ሲቆይ ነው የነገረኝ። "ወዬ፣ ሙሀሲን" ነው ያለችው። የአክሱማዊት ድምፅ። "ግን ወለቱ፣ ጠግባ የተኛች ሴት ድምፅ ነበር" አለኝ።

አክሱማዊት እየነዳች ለእትዬ ኑሪያ ኮል አደረገች። ተይዟል። ደገመች። ተይዟል። ደርሼ በአፌ እነግራቸዋለሁ አለች።

ስካይዌይ ደረሰች፣ ከደጃቸው ፊት ለፊት ፓርክ አደረገች፣ ሞተሩን አጠፋች።

ቀበቶዋን ልትፈታ እጇን ሰደደች...

እንቅልፍ ወሰዳት።

ፈርታ ነበር እኮ! ግን ድካም ፍርሃትን የሚያህል ነገር አይደለም፤ ይበልጠዋል። ሁለት ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ስትነቃ የመኪናው መስታወት በትንፋሽ ጉም ለብሷል። በእሷ በኩል ባለው መስታወት ላይ የልጅ መዳፍ ታትሟል። በእጇ ጠረገችው። አልጠፋም።

ከውጭ በኩል ነው።

ዘላ ወረደች፣ በሩን አንኳኳች። እትዬ ኑሪያ ጨርቅ በእጃቸው ይዘው ከፈቱ።

"ምነው፣ የረሳሽው ነገር አለ?"

"ሚሪን... ሚሪን ልወስድ ነው፣ እትዬ።"

ሴትዮዋ ሳቁ። ከዚያ ፊቷን አዩትና ሳቃቸው ሄደ።

"አሁን ወሰድሻት እኮ።"

"ማን?"

"አንቺ ነሻ! በአዲሱ ቁጥር ደወልኩልሽ፣ አወራን። ወዲያው መጣሽ። ፀጉርሽን ተሠርተሽ... ሳቅ ብለሽ... እኔማ ዛሬ ተኝታለች፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።" ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። "ልጅቷ ሮጣ ነው የመጣችብሽ። አዝለሻት ሄድሽ። አክሱዬ... አንቺ አዝለሻት አታውቂም።"

እውነት ነው። ወገቧ አይችልም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አክሱማዊት ስትፈራው የኖረችው አንድ ነገር ነበር... ልጇ በር ላይ ሌላ ሰው አይታ ደስ እንዳይላት።

ፖሊስ አልጠራችም ወይ ትሉኛላችሁ። ምን ልትል? ራሴ ልጄን ወስጄብኛለሁ?

አፓርትመንቷ እዚያው ሰፈር ነው። እንዴት እንደነዳች አታስታውስም። ደረጃውን ስትወጣ በሯ ላይ መብራት በርቷል። የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። በዚያ ሰዓት ቤቷ ምግብ ሸትቶ አያውቅም።

ቁልፏን አስገባች። ዞረላት። በሩ ትንሽ ተከፈተና... ቆመ። ከውስጥ ሰንሰለት ገብቶበታል።

በክፍተቱ የሚሪያም ዓይን ታየ። ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ጥብቅ ብሎ፣ የሚያምር ሹሩባ። ታጥባለች። አፏ ዙሪያ ወጥ አለ።

"ሚሪዬ" አለች አክሱማዊት በሹክሹክታ። "ክፈቺልኝ፣ እናቴ።"

ልጅቷ አየቻት። አልፈራችም። ይህ ነው የባሰው፣ አልፈራችም።

ከውስጥ፣ ከኩሽና በኩል ድምፅ መጣ። የራሷ ድምፅ። የተኛ፣ ያረፈ፣ ቀስ ያለ።

"ማነው ሚሪዬ?"

"ኖባዲ፣ ማሚ" አለች ልጅቷ ዞር ብላ። "የደከማት ሴትዮ ናት።"

በሩም ተዘጋ።

የመጀመሪያው የድምፅ መልእክት የመጣልኝ ያኔ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፣ ወደ ሥራ ስሄድ። እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ በሹክሹክታ፣ እየተቆራረጠች ነገረችኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እያዛጋች ነው።

ወርጄ ኡበር ጠራሁ።

ሁለተኛው መጣ።

"በሩን ደበደብኩት ወሌ... ማንም አልሰማኝም። ጎረቤትየው ወጥቶ አለፈ... በአጠገቤ አለፈ፣ ሰላም እንኳ አላለኝ። በሰባቱ ቁጥር ደወልኩላት። ልጄን ስጪኝ አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'ደክሞሻል እኮ። ተኚ። እኔ አለሁ' አለችኝ..."

እዚህ ጋ ካፊያው ይሰማል።

"እውነቱን ልንገርሽ? እንዲህ ስትለኝ... ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ልጄ በልታለች። ታጥባለች። ትስቃለች፣ ከዚህ ይሰማኛል። እኔ መቼ ነው እንዲህ ያሳቅኳት?"

አውቶቡስ ውስጥ ያላለቀስኩትን ኡበሩ ውስጥ አለቀስኩት። ሹፌሩ ሶፍት ሰጠኝ።

ሦስተኛው አጭር ነው።

"በሩ ተከፈተ... በጣም ትንሽ። ሚሪዬ ብርድ ልብሷን አወጣችልኝ። ያቺን ሮዟን። 'ለሴትዮዋ' እያለች... ትሞቃለች ወሌ። ትንሽ ጋደም ልበል። ስትደርሺ ቀስቅሺኝ።"

"እንዳትተኚ!" ብዬ በድምፅ መልእክት ጮህኩ። "አክሱ፣ እንዳትተኚ! ደረስኩ!"

አልከፈተችውም።

ስደርስ ገና ብርሃን ነው። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ሰው የለም። ብርድ ልብሷ ብቻ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተዘርግታለች። ዘልያት አለፍኩና በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

ሰንሰለቱ ሲወርድ ሰማሁ።

አክሱማዊት ከፈተችልኝ።

ጸጉሯ ተሠርቷል። ዓይኗ ስር ያ ጥቁረት የለም። ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ሠርቼ እንዲህ ቆንጆ መሆኗን አላውቅም ነበር። በአንድ እጇ ጭልፋ፣ በአንድ እጇ የሚሪያምን ማበጠሪያ ይዛለች። ሚሪያም እግሯን አቅፋ ቆማለች።

"ወሌ! ምነው እንዲህ አለከለክሽ?" አለችኝ። "ግቢ እንጂ፣ እራት ደርሷል።"

በስመአብ... እግሬ ሊገባ ነበር። ሽታው ደስ ይላል፣ ቤቱ ይሞቃል። እኔስ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ?

ያኔ እጄ ላይ ያለው ስልክ ተርገበገበ።

አዲስ የድምፅ መልእክት። ከአክሱማዊት።

የሴትዮዋን እጆች አየሁ። ጭልፋ። ማበጠሪያ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ሹክሹክታ ነው፣ እንቅልፍ ያሸነፈው።

"ወሌ... አለፍሽኝ እኮ።"

ዞርኩ።

ብርድ ልብሷ መሬቱ ላይ ተነጥፋለች፣ ከስሯ ምንም የለም፣ ከሲሚንቶው ጋር ልጥፍ ብላለች።

ቀስ እያለች ከፍ ትላለች... ዝቅ ትላለች። እንደ ተኛ ሰው ደረት።

"ሽሽሽ" አለችኝ ከኋላዬ ሚሪያም፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። "አትቀስቅሺያት።"