ጋሼ መኳንንት በፊልሞቻቸው መካከል

ጋሼ መኳንንት በባሕር ማዶ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ባለው አፓርትመንታቸው፣ ፊልም በሚያስቀምጡባት ጠባብ ክፍል፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ፖሊስ «ልባቸው ነው» ብሎ ሄደ። ሚስታቸው እትዬ እማዋይሽ ግን ወይ ፍንክች! «ያን ቀን ቤቴ የመጣው ኖላዊ ብቻ ነው፤ እሱ ነው የገደለብኝ» አሉ። ሰው ምን ይሳነዋል፣ ሳያይ ይመሰክራል። የጋሼ መኳንንት ወዳጅ ኖላዊ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ፊቱን የሚያዞርበት በዛ።

ለዚህ ነው ስርጉት የተጠራችው። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ወንጀል መርምራለች፤ እዚህ አረጋውያን ብትንከባከብም ዓይኗ ሥራ አልፈታም።

ክፍሉን አየችው። መደርደሪያው ሙሉ ፊልም ነው፤ በብራና ሥዕል አሳሳል የተሠሩ፣ ተረት የሚተርኩ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው አኒሜሽኖች። ፊልሙ እንዳይበላሽ በቅዝቃዜ የሚቆይበት ፍሪዘር ተበላሽቷል። አጠገቡ ያለው የፎም ሳጥን ውስጥ እጇን ከተተች፤ ደረቅ ነው። መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ወድቋል።

«ሲያገኟቸው ምን ለብሰው ነበር?»

«ጋቢ ደርቤለት ነበር። የዚህ አገር ጥር እኮ ነው!» አሉ እትዬ እማዋይሽ።

ማኪኒ ከምትባለው ጎረቤት ከተማ የመጣው ፊልም ሰብሳቢ ባስልዮስ ተቆጣ። «አዎ፣ ፊልሙን ይሽጡልኝ ብዬ ተጣልተናል። ሶ? ያን ቀን ሂዩስተን ነበርኩ፤ ቲኬቴ ይኸው!»

ኤርፖርት ካርጎ የሚሠራው ኖላዊ አቀርቅሯል። «ፍሪዘሩ ሲበላሽባቸው ለፊልሙ ድራይ አይስ የሚባለውን ደረቅ በረዶ አመጣሁላቸው። ማለቴ... መስኮቱን እንዳይዘጉ ብያቸዋለሁ። ሲከፍቱትም አይቻለሁ።»

ስርጉት ነገሩ ገባት፤ ምነው ባልገባኝ አለች። ዝም ብትል ግን ኖላዊ ዕድሜ ልኩን ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ሊኖር ነው። ሦስቱንም ሳሎን አስቀመጠቻቸው።

«ተራ በረዶ ቢሆን ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ይቀር ነበር። ይሄኛው ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ሰው አፍኖ ይገድላል። መስኮቱን ኖላዊ ክፍት ትቶት ሄደ። ፎጣው ደግሞ የተወተፈው በኮሪደሩ በኩል ነው፤ ውስጥ ያለ ሰው እንዲያ አይወትፍም። ከኖላዊ በኋላ የገባ ሰው አለ። ጋቢውን የደረበላቸው ሰው።»

እትዬ እማዋይሽ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ንፋስ እንዳይመታው ብዬ... ወደ ሥራ ስወጣ አንቀላፍቶ ነበር። መስኮቱን ዘጋሁለት፣ የበሩንም ሥር ወተፍኩ። በረዶውን ለምን አልነገረኝም?»

«እንደ ወትሮው በፊልሙ እንዳይቆጡ ብለው ደብቀውዎት ነው» አለ ኖላዊ።

«ክፍት ብተወውስ ኖሮ?»

ስርጉትን ውሸት መናገር አማራት። «ይነቁ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ማንን ልርገም?» አሉ እትዬ እማዋይሽ።