ዳሜን የያዘው ጭቃ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነውን ነው። ያላመነ ጠሀን ይጠይቅ፤ አብሮኝ ነበር።

ባለፈው ሐምሌ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ያለው ባሕር ዛፍ ውስጥ።

ሩሃማ እባላለሁ። ጉርድ ሾላ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጠሀ ረዳቴ ነው።

የደወሉልኝ አባባ ወልደሰንበት ናቸው። ለጎብኚ ፈረስ እያከራዩ የሚኖሩ ሽማግሌ። ያለቻቸው ዳሜ የምትባል አንዲት ፈረስ ብቻ ናት።

"ጭቃ ውስጥ ገብታ አደረች" አሉኝ። "ቶሎ ድረሱላት፣ ልጄ።"

ስንደርስ ጭቃው እስከ ሆዷ ውጧታል። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል።

ግን ዳሜ አትንቀጠቀጥም...

ሙቀቷን ለካሁ። ሠላሳ። የጤነኛ ፈረስ ሠላሳ ስምንት ነው።

እንደገና ለካሁ።

ሃያ ስድስት።

"መለኪያው ተበላሽቷል" አለ ጠሀ በሹክሹክታ።

በሌላ ሞከርኩ። ሃያ አራት።

የልብ ማዳመጫውን ጎኗ ላይ አደረግኩ። ምንም የለም... ዓይኗ ግን ይከተለኛል።

መገናኛ ላለ ክሬን ነጂ ወዳጄ ደወልኩ። "መጣሁ" አለኝ። ዳገቱ ግን ረጅም ነው።

ለከብት ማንሻ ይዘን የመጣነውን ሰፊ ቀበቶ በደረቷ አዞርን። ገመዱን ከመኪናችን አስረን በቀስታ ጎተትን።

አንድ ክንድ ያህል ወጣች።

ከዚያ... መኪናው ወደ ኋላ ሄደ።

ጎማው ወደ ፊት እየዞረ፣ እሱ ወደ ኋላ።

"ተዉ" አሉ አባባ። "ተዉ፣ ልጄ... የያዛት አለ።"

"ማን ነው የያዛት፣ አባባ?"

ዓይናቸውን ከጭቃው አልነቀሉም።

አንገቷን አቀፍኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ቅዝቃዜዋ ወደ አጥንቴ ገባ። ጭቃው ትከሻዋን... አገጯን... ጆሮዋን...

አንዴም አልጮኸችም።

ገመዱ ላላ። ቀበቶው ብቻውን ወጣ። መቆለፊያው እንደተቆለፈ ነው።

ጠሀ ዘሎ ገባ።

ጭቃው ጉልበቱ ላይ ቆመ።

"ሩሃማ..." አለኝ። "ታቹ ድንጋይ ነው። ቆሜበታለሁ... ድንጋይ ነው።"

በእንጨት ወጋን። በእጃችን ቧጠጥን። ዳር እስከ ዳር ድንጋይ ነው። ጥፍሬ ደማ።

አባባ ወልደሰንበት ጋቢያቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ጭቃው ላይ ዘረጉት፤ ጠርዙን እንደ ሕፃን ልብስ አስተካከሉት።

"ይበርዳታል" አሉ።



ጋቢው በቀስታ ከፍ አለ...

ዝቅ አለ...

ከፍ አለ።