በጾሙ ቆርቆሮ ከንፈር ላይ

ዱባለ የወደቀው በገዛ ጀላቲ ቤቱ፣ በወተቱና በጾሙ ጀላቲ ቆርቆሮዎች መካከል ነበር። ዕለቱ አርብ፣ የገበያ ቀን ነው። የቡታጅራ ሰው ደግሞ በገበያ ቀን ሬሳ ተገኘ ከተባለ ፍየሉን ሳይሸጥም ቢሆን ይመጣል። ሃምሳ አለቃ ደበሌ ሲደርስ ፍየል የሳበውም ቆጮ የተሸከመውም በሩ ላይ ታጭቆ ጠበቀው።

«ዞር በሉ» አለ ደበሌ። «ዱባለ ዛሬ አይሸጥም።»

ደበሌ በወልቂጤ በኩል የተወለደ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ፖሊስ ነው። የራሱን ባርኔጣ ያስቀመጠበትን አያውቅም እየተባለ ይታማል፤ ሌላ ሰው የደበቀው ዕቃ ግን አምልጦት አያውቅም። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ከንፈሩን፣ ጥፍሩን፣ ያስመለሰበትን መሬት አንድ በአንድ አየ። ከጤና ጣቢያው የተጠራው ድሬሰር ከጀርባው ቆሟል።

«ልቡ ነው?»

«ልቡማ መጨረሻ ላይ ነው የቆመው» አለ ድሬሰሩ። «ሆዱን ይዞ ሲያስመልስ፣ ሲያልበው ቆይቶ ነው የሞተው። ተመርዟል። በምን እንደሆነ የሚለይ መሣሪያ ግን እዚህ የለኝም።»

«መሣሪያ ምን ያደርጋል?» አለ አበራ፣ የሟች ታናሽ ወንድም። እያለቀሰም እየተቆጣም ነበር። «ማን አቀበለው? ዘይባ። ጠዋት ማን ከእሱ ጋር ተጣላ? ዘይባ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ምርመራው ይኸው ነው።»

ዘይባ የቤቱ ጀላቲ ቀጂ ናት፤ ሃያን ገና ያለፈች የመስቃን ልጅ። ሻርፗን አገጯ ሥር ጨምድዳ ይዛ ግድግዳው ተደግፋለች።

«በምን ተጣላችሁ?» አላት ደበሌ።

«በረዶው ላይ የምነሰንሰው ጨው ጀላቲው ውስጥ ገባ ብለው ነው። አርብ በመጣ ቁጥር ይቆጡኛል፣ ጌታዬ። ጋሼ ዱባለ ካልተቆጡ ታመዋል ማለት ነው።»

«የመጨረሻውን ኩባያ የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከየትኛው ቆርቆሮ?»

ዘይባ መሬት መሬት አየች። «ከጾሙ።»

«ሲበላ ምን አለ?»

«አንዴ ቀመሱና ቀና ብለው አዩኝ። ‹ዛሬስ ወዳጅ በዛብኝ› አሉ። ከዚያ ጨረሱት።»

«ሰማህ?» አለ አበራ። «እየገደለችው ቀልዶላታል።»

ጣቢያ አዛዡም ከአበራ የተለየ ነገር አልታየውም። ዘይባ ሰኞ ጠዋት በሚነሣው አውቶቡስ በመርዝ ነፍስ በማጥፋት ተከሳ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች ተባለ። ሰው የላት፤ ጠበቃ የላት። ከዚያ ስትመለስ የሚያውቃት ይኖር እንደሆነ አላህ ይወቅ።

ደበሌ ሁሉም ከወጡ በኋላ ከቆርቆሮዎቹ ጋር ብቻውን ቀረ።

የዱባለ ቤት ስም ያወጣው በጀላቲው ብቻ ሳይሆን በሞርሳውም ነው። ሞርሳው ጎረቤቱ ሰይዶ ከመኪና ብረት የሠራው ቀላል ነገር ነው። በቆርቆሮው ከንፈር ላይ በብሎን ይነክሳል፤ እጀታው ሲዞር ከሥሩ ያለው ምላጭ ጀላቲውን በስሱ እየላገ ወደ ኩባያ ይገፋል። ቆርቆሮው አይንሸራተት፣ የቀጂዋ እጅ አይደነዝዝ፣ ለአንዱ በዝቶ ለሌላው አያንስ። አርብ አርብ ግን ሞርሳው ከወተቱ ቆርቆሮ ንቅንቅ አይልም። ከጁምዓ የሚመለሰው ሙስሊም የወተቱን ይበላል፤ ጾመኛው የሎሚውን፣ ያውም በእንጨት ማንኪያ ተዝቆለት። ወተት የነካ ብረት የጾሙን ቆርቆሮ ከሚነካ ዱባለ ቤቱን ቢዘጋ ይመርጣል። ስለዚህ የጾሙ ቆርቆሮ ከንፈር አንድም ቀን ሳይነከስ እንደለሰለሰ ኖሯል።

ደበሌ ጣቱን በዚያ ከንፈር ዙሪያ አዞረ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ስርጉዶች አሉ፤ ቆርቆሮው እዚያ ላይ ገና አዲስ ያብረቀርቃል። ሞርሳውን ከወተቱ ቆርቆሮ ፈትቶ ብሎኑን አየው። ጫፉ አንድ ብቻ ነው።

«ይሁና» አለ ለራሱ።

በማግሥቱ ከቀብር መልስ ደበሌ ወደ ጓዳ ዘልቆ ሚስትየዋን ተናኘወርቅን አነጋገረ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዱባለ ጤናው እንዴት ነበር?»

«ለሦስት ሰው ይበላ ነበር፤ የግማሽ ሰው ሥጋ አልነበረውም። ያው… ነገር ነበረበት።»

«ምን ነገር?»

«ነገር ነዋ» አለች፤ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ሸሸት አደረገች።

ደበሌ ጥግ ላይ በኮባ ቅጠል የተከደነ እንስራ አየ። ገለጥ አድርጎ አሸተተው። «ይህ የተበጠበጠ ተልባ ለማን ነው?»

«ለእንግዳ።»

«ለቅሶ ላይ ተልባ የሚያጠጣ ቤት ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ደግሞም ከትናንት ያደረ ነው፤ ጎምዝዟል።»

ተናኘወርቅ እንስራውን መልሳ ከደነችው። «ዘይባ ሰኞ ትሄዳለች የሚሉት እውነት ነው?» አለችው።

«እውነት ነው።»

«ሰኞ» አለች፤ ቃሉን እንደማታውቀው ሁሉ ደግማ፣ «ሰኞ» አለች።

ሰይዶ የሚሠራው አውቶቡስ ተራው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቤት ነው። ደበሌ ሲገባ ቀና ሳይል ብረት ይቀጠቅጥ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሰይዶ።»

«ወአለይኩም ሰላም።»

«አርብ ዱባለን አይተኸዋል?»

«ከጁምዓ ስመለስ ሰላም ብዬው አልፌአለሁ።»

«ታሞ ነበር ይላሉ።»

«ያው፣ ነገሩ ነበረበት። ጥሬ ክትፎ ሲሉት ከእንቅልፉ ይነሣል፤ ነገሩን ጠጣ ሲሉት ከአገር ይጠፋል። ልጅ ሆኖ አንዴ አጠጥተውት…» ሰይዶ ምላሱን ነከሰ።

«ጫፉ ሁለት የሆነ ብሎን ትሠራለህ?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። «ሰው ካዘዘኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም» አለ ሰይዶ። ደበሌ ፊቱን አየው። ሰውየው አልዋሸም፤ ከመዋሸት የከበደው ነገር ነበረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደበሌ ሁሉንም ጀላቲ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ተናኘወርቅ ጥቁር ለብሳ አግዳሚው ላይ፣ አበራ ከጎኗ፣ ድሬሰሩ በሩ ላይ፣ ሰይዶ ካፖርቱን እንደደረበ ጥግ ይዞ። ዘይባን አንድ ፖሊስ በካቴና አስሮ አመጣት። ደበሌ ባርኔጣውን አውልቆ አንዱ ቦታ አኖረና ጀመረ።

«አርብ ዕለት የጾሙን ቆርቆሮ ሞርሳ ነክሶታል። ዘይባ አላደረገችውም፤ እሷ ከክርስቲያኑ ሁሉ ይበልጥ ለጾሙ ቆርቆሮ የምትጠነቀቅ ልጅ ናት። ዱባለም ቢያይ ይጮህ ነበር። ግን አልጮኸም። ለምን?»

«ምናልባት አላየም» አለ አበራ።

«አይቷል፤ በላበትም። ያልጮኸው ወተት ነክቶት የማያውቅ አዲስ ሞርሳ ስለሆነ ነው። ንክሻው ሁለት ነው፤ የቤቱ ሞርሳ አንድ ነው። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰይዶ፣ አውጣው።»

ሰይዶ ከካፖርቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አሳምሮ የተሞረደ፣ ከአሮጌው የሚያምር ሞርሳ ነበር። «ለጾሙ ብዬ ነው የሠራሁለት» አለ። «ስጦታ ነው። ላጥበው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ።»

በምላጩና በክንዱ መካከል ቀላ ያለ ደቃቅ ዱቄት ተሰክቷል። ደበሌ በጣቱ ነካ፣ ምላሱ ላይ አደረገ፣ እንትፍ አለ።

«ኮሶ» አለ።

ቤቱ ውስጥ ነውር የተነገረ ይመስል አበራ ፊቱን አዞረ። የቡታጅራ ሰው ስለ ጎረቤቱ በሬ፣ ስለ ጎረቤቱ ሚስት፣ ስለ አገር ገዢውም ቢሆን ያወራል፤ የሰው ኮሶ ግን፣ በሆዱ ያለው ትልም ሆነ ማስወጫው መራራ መድኃኒት፣ አይወራም። ኮሶ የጠጣ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ሊጠይቀው የመጣ «የለም» ይባላል፤ እንግዳውም ገብቶት ይመለሳል።

«ስለዚህ ገዳዩ ተገኘ» አለ አበራ ወደ ሰይዶ ዞሮ።

«ተቀመጥ» አለው ደበሌ። «ሰው አንድ ኮሶ ጠጥቶ የሚሞት ቢሆን ክትፎ የሚበላው አገር ሁሉ ባዶ በቀረ ነበር። ሰይዶ፣ እንዴት አድርገህ ሰጠኸው?»

«ዘይባ ወጣ ስትል ጠብቄ፣ በስሱ እየላግሁ በየመሐሉ ከስኳር ጋር ነሰነስኩለት። ሎሚው ይሸፍነዋል፣ ብርዱ ምላሱን ያደነዝዘዋል አልኩ። እየሳቀ በላልኝ። ወላሂ፣ እንዲሻለው ነበር።»

«ይሁና። ታዲያ ዘይባ የሰጠችው ኩባያ ምን ነበረበት? ዘይባ፣ ያንን ኩባያ የቀዳሽው አንቺ አይደለሽም።»

ዘይባ ዓይኗን ካቴናው ላይ ተከለች።

«ሰው ኮሶ ሲጠጣ መሻሪያ ይዘጋጅለታል። በጾም ቀን መሻሪያው ተልባ ነው። ጓዳ ውስጥ ያየሁት ተልባ የተበጠበጠው አርብ፣ ዱባለ ሳይሞት ነው። ሰይዶ ስላደረገው ነገር ጓዳው አያውቅም። እንግዲያ ተልባው ለሌላ ኮሶ ነው።»

ተናኘወርቅ ተነሣች። «ልጅቷን ፍታት። ኩባያውን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት፤ ኮሶውን ከሎሚ ጀላቲው ጋር ለውሼ። እኔ እንደሰጠሁሽ እንዳትነግሪው ብዬ አስምያታለሁ።»

«ለሞተ ሰው መሐላ ትጠብቂያለሽ?» አላት ደበሌ ዘይባን።

«መሐላው ለእትዬ ነው እንጂ ለሟች አይደለም» አለች ዘይባ በቀስታ። «ደግሞም የሳቸውን ኮሶ ፖሊስ ጣቢያ ላውራ?»

«ሰኞ ሳይደርስ እናገራለሁ እያልኩ ነበር» አለች ተናኘወርቅ። «አፌን በከፈትኩ ቁጥር፣ ባሌን የገደልኩ እኔ ነኝ የሚለው ቃል እየቀደመኝ።»

ሰይዶ ቀና አለ። «አንቺ? እኔ አይደለሁም እንዴ የገደልኩት?»

«ሁለታችሁም ይህንን ነው ይዛችሁ የከረማችሁት» አለ ደበሌ። «ቀኑም የገጠመው በአጋጣሚ አይደለም። ኮሶ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። የዱባለ ሆድ ጠዋት ተነሥቶ ነው የሚሞላው፤ ባዶ የሚውለው በጾም ቀን ብቻ ነው። ረቡዕ በረዶ አይመጣም፤ ጀላቲ የለም። የቀረችው አርብ ናት። የሚያስብለት ሰው ሁሉ አርብን መምረጡ ግድ ነበር።»

«ሁለተኛው ሲመጣለት ለምን በላ?» አለ ድሬሰሩ። «ጣዕሙን ያውቀዋል እኮ።»

«አወቀው። ‹ወዳጅ በዛብኝ› ያለው ለዚያ ነው። ሚስቱን ‹ሰይዶ ቀድሞሻል› ለማለት ኮሶ ማንሣት ሊኖርበት ነው። ለምን እንደጨረሰው ግን እኔ አላውቅም። እሱን ብቻ ነው መጠየቅ የሚቻለው።»

ፖሊሱ የዘይባን ካቴና ፈታ። እጇን እያሻሸች ማንንም ሳታይ ቆመች።

«እና ማንን ልክሰስ?» አለ አበራ። ድምፁ ቁጣው ሁሉ ወጥቶበት ባዶ ሆኖ ነበር። «ንገረኝ እንጂ። ወንድሜ ሞቷል። አንድ ሰው መኖር አለበት።»

ሰኞ አውቶቡሱ ላይ ዘይባ አትሳፈርም፤ በእሷ ፋንታ ሁለቱ ቃላቸውን ለዳኛ ሊሰጡ ይሄዳሉ። ዳኛው ምን እንደሚላቸው ማንም አያውቅም። ምንም ቢላቸው ግን እዚህ ቤት ውስጥ የሚለውጠው አንድም ነገር የለም።

«ሰይዶ» አለች ተናኘወርቅ። «ምን ያህል አደረግህ?»

«ሙሉውን። ዕድሜውን ሁሉ ሲፈራው ኖረ፤ በአንዴ ይገላገል ብዬ።»

«እኔም ሙሉውን።»

«በአጥሩ በኩል አንዲት ቃል ብለሽኝ ቢሆን…»

«ምን ብዬ?» አለች ተናኘወርቅ። «የባሌን ኮሶ በአጥር ላይ ላውራ?»

ደበሌ ለመውጣት ተነሣና ባርኔጣውን ይፈልግ ጀመር፤ አግዳሚው ሥር ጎንበስ አለ፣ ከበሩ ጀርባ አየ፣ ኪሱን ዳበሰ። ባርኔጣው ፊት ለፊቱ፣ በጾሙ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ያዩታል። የነገረው ግን አልነበረም።