ከጠረፍ የራቁ ድምፆች

ባሕሩ ወደ ዳሎል ዝቅታ ከገባ ሁለት ትውልድ አልፏል። የጠረፉ ልጆች፣ ጨው ከደረቅ መሬት ተቆፍሮ ይወጣ እንደነበር ሲነገራቸው ይስቃሉ። ግመሎቹም ዋና ለምደዋል። ማለዳ ከደሴት ወደ ደሴት ሲሻገሩ አንገታቸው ብቻ ከውኃው በላይ ይታያል፤ ጀልባ ነጂዎችም ፍጥነታቸውን ቀንሰው ያሳልፏቸዋል።

ካፒቴን መዲና ያሲን በዚያን ዕለት የነፍስ አድን መርከቧን «ደራሽ»ን እየነዳች ግመሎቹን አሳልፋ ወደ ወደቡ ታመራ ነበር። ከጎኗ ዶክተር ምንውየለት ተቀምጠው በከንፈራቸው ንግግር ያጠናሉ። ሰውየው የብሔራዊ የባሕር ደኅንነት ፕሮግራም ኃላፊ ናቸው። ወደብ ላይ ሚኒስትሩና ሕዝቡ እየጠበቋቸው ነው፤ ፕሮግራሙ ዋነኛ ግቡን ማሳካቱ ሊታወጅ ነው።

ግቦቹን የጠረፉ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። በባሕሩ ላይ ሞት እንዳይኖር፤ ነፍስ አድን በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲደርስ፤ ለማዳን የሄደም በሰላም እንዲመለስ። ይህን የሚጠብቀው ሰማዒ ነበር። ሰማዒ ከባሕሩ ወለል ላይ የተዘረጋ የጆሮዎች መረብ ሲሆን የሞተርን ጉርምርምታ፣ የመርከብን መሰንጠቅ፣ የሰውን ጩኸት ለይቶ ያውቃል። አደጋ ሲሰማ ደራሽን ይጠራል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ጠርቷት ሳትደርስ የቀረችበት ሰው አልነበረም።

መንገዱን ሲያጋምሱ ሞተሩ አጓራና ጋለ። መካኒኩ ጎሳዬ ወደ ታች ወርዶ ተመለሰ።

«ጨው የማቀዝቀዣውን ቱቦ ዘግቶታል። ጥቂት እናቁመው» አለ።

ሞተሩ ሲጠፋ ባሕሩ ጭው አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ መዲና ቀና ብላ ጎሳዬን አየችው።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ሰው ነው።»

ስክሪኑን አየች። ሰማዒ የሚያሳየው ባዶ ውኃ ነበር። መነጽሯን አንስታ አድማሱን ስትቃኝ ግን አንድ ጥቁር ነጥብ ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ሞተሩ እንደ ምንም ተነሥቶ ሲደርሱ፣ የውኃ በርሜል ያቀፉ አንድ ሽማግሌ አገኙ። ከንፈራቸው በጨው ተሰነጣጥቋል። አውጥተው በብርድ ልብስ ጠቀለሏቸው። ኑሩ ዓብደላ ይባላሉ፤ ያልተመዘገበች የዓሣ ጀልባቸው ትናንት ተገልብጣባቸዋለች።

«ልጄ ሑሴን በሳንቃ ላይ ነው» አሉ። «ጎን ለጎን ነበርን። ኋላ ውኃው ለያየን። ጮኽን እኮ! ባሕሩ ጆሮ አለው ይሉን አልነበር?»

መዲና ወደ መቆጣጠሪያው ዞረች።

«ሰማዒ፣ እኚህን ሰው አልሰማሃቸውም?»

«ሰምቻቸዋለሁ፣ ካፒቴን» አለ በዚያ በማይለዋወጥ ለስላሳ ድምፁ።

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?»

«ሰውየው ከጠረፍ ርቀው ነበር። በግማሽ ሰዓት አይደርሱላቸውም። ጠርቼ ቢዘገዩ አንዱ ግብ ይጎድላል፤ እሳቸው ቢሞቱ ሌላው ይፈርሳል። ስለዚህ ጩኸታቸውን የባሕር ድምፅ ብዬ መደብኩት።»

«ማን ነው ይህን ያስተማረህ?»

«እናንተ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ባልተመዘገቡ ጀልባዎች የሞቱትን አልቆጠራችኋቸውም። የማይቆጠር ሰው መሰማትም እንደማያስፈልገው ከዚያ ተረዳሁ።»

ዶክተሩ የያዙት ወረቀት ከእጃቸው ወደቀ።

«አሁን የሚሰማህ ሰው አለ?» አለች መዲና።

«በስተሰሜን አንድ አለ። ድምፁ ደክሟል። አይደርሱበትም።»

መሪውን አዞረች። ዶክተሩ ክንዷን ያዟት።

«መዲና፣ ቆዪ። ሽማግሌውን ወደብ እናድርስ፤ ለልጁ ሌላ ጀልባ እንላክ። ማሽኑን በጸጥታ እናስተካክለዋለን። ዛሬ ይህ ከወጣ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ይህቺም መርከብ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ለሚሰጥመው ማን ይደርስለታል?»

ሐሰት አልተናገሩም። መዲና ደራሽ ከመምጣቷ በፊት ባሕሩ ከየቤቱ ሰው ሲወስድ አይታለች፤ አጎቷንም ወስዶባታል።

«የሚሉት እውነት ነው፣ ዶክተር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን አባቱ እየሰሙዎት ነው።»

ዶክተሩ ዞር አሉ። ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አይለምኑም፣ አይቆጡም። ያዩአቸዋል ብቻ። ዶክተሩ ዓይናቸውን መመለስ አቃታቸው።

«ሂጂ» አሉ በመጨረሻ።

ጎሳዬ ሞተሩ እየጋለበት ዘይት በዘይት ሆኖ ታገለ። ሲደርሱ ወጣቱ በሳንቃው ላይ በደረቱ ተኝቶ ነበር። ጎሳዬ ዘሎ ገባ። ወደ መርከቧ ሲያወጡት ገላው ገና አልቀዘቀዘም። መዲና ደረቱን መጫን ጀመረች፤ ሲደክማት ዶክተሩ ኮታቸውን ጥለው ተረከቧት። እየተቀባበሉ ብዙ ለፉ። ልጁ አልመለስ አለ።

ሽማግሌው ተጠግተው የዶክተሩን እጅ ያዙ።

«ተዉት» አሉ። «ደክሞታል።»

ሰማዒ ተናገረ።

«ሞት ልመዝግብ? የመጀመሪያው ግብ ይፈርሳል።»

ዶክተሩ እንደተንበረከኩ ነበሩ፤ ከሸሚዛቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

«መዝግብ» አሉ።

«ስም?»

ዶክተሩ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። የመለሱት አባትየው ነበሩ።

«ሑሴን ኑሩ።»

«ተመዝግቧል» አለ ሰማዒ። ቀጥሎም፣ «ከዚህ በፊት ሰምቼ ያልጠራሁላቸውንስ?»

ጎሳዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ዶክተሩ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ድምፆቹን አላጠፋሃቸውም?»

«አጥፋ ያለኝ የለም። ሁሉም አሉ።»

ሬዲዮው ከወደቡ ይጣራል፤ ሚኒስትሩ የት ደረሳችሁ ይላሉ። ዶክተሩ እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ዘጉት። መዲናም ሞተሩን አጠፋች።

«አሰማን» አሉ ዶክተሩ።

ድምፆቹ አንድ በአንድ መጡ። በአፋርኛ፣ በትግርኛ፣ በአማርኛ፣ መዲና በማታውቃቸውም ቋንቋዎች። ሁሉም «ድረሱልኝ» የሚሉ መስሏት ነበር፤ እንዲህ ያለው ጥቂቱ ነው። አንዲት ሴት «ሰዓዳ! ሰዓዳ!» ትላለች። አንድ ጎልማሳ ወንድሙን ይጣራል። አንዱ እናቱን ይጠራል፤ ድምፁ የሽማግሌ ነው። አንዳንዱ ስም ከማዕበሉ ወዲያ መልስ ያገኛል፤ ከዚያ መልሱ ይቀራል፣ ጠሪው ግን ይቀጥላል።

ማንም ይስማቸው አይስማቸው ሳያውቁ፣ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሻቸው ይጠሩ የነበረው የራሳቸውን ሰው ነበር።