ሰፊው ማያ

ከዚህ ጠረጴዛ የሚያስነሳኝን ጥፋት አባቴ ገና ሥራ ሲያስተምረኝ ነግሮኛል። ሌንስ ብሰብር ይቅር ይለኛል፤ ሳላስፈቅደው የካሜራ ማያ፣ ፎቶ አንሺው ዓይኑን የሚደቅንበትን መስታወት፣ ከቀየርኩ ግን ካሜራ መጠገኑ አበቃልኝ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አልነካሁም። ከዚያ ባለመነጽሩ መጣ።

ፎቶ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ነው። መነጽሩ ዓይኑን ከማያው ስለሚያርቅበት የፎቶው ዳር ዳር አይታየውም፤ ጫፍ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ እየቆረጠ ያስቀራል። አባቴ ሳቀበት። ማያው አጉልቶ የሚያሳየው ርቀት በትክክል እንዲለካ ነው፣ ሰፊ ማያ ሁሉን ያሳንሳል፣ ሲያንስ ደግሞ ዓይን ይሳሳታል አለው። መነጽርህን አውልቅ ብሎ ሸኘው።

መነጽሩን ካወለቀማ እኔንም አያየኝም። በሰበብ አስባቡ እየመጣ ሲያየኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ካሜራውን ለጽዳት ትቶልን ሄዶ ሳለ፣ አባቴ ምሳ ሲወጣ ማያውን በሰፊው ቀየርኩለት። የሩቁን ርቀት ከመንገዱ ማዶ ባለው የውሃ ታንከር ለካሁት፤ ልክ ነበር። የቅርቡን ርቀት ሳልለካ የአባቴ ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማኝና ቶሎ ገጠምኩት። ለማንም እንዳይናገር አስጠንቅቄ ሰጠሁት።

ዛሬ ጠዋት ፎቶዎች ይዞ መጣ። የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ፎቶ ነው፤ ከአሥራ አራቱ አንድም የተቆረጠ የለም። አንድም ፊቱ የሚለይ የለም። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ግን ስንጥቁ ሳይቀር ቁልጭ ብሏል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ጥፋቱ የጠጋኞቹ ከሆነ ወረቀት አምጣ፣ ካልሆነ ነገ እንዳትመጣ ብላዋለች።

አባቴ ካሜራውን እንኳ አላነሳም። ከእጄ የወጣ ካሜራ አይዋሽም፣ ጥፋቱ የዓይንህ ነው አለ።

ባለመነጽሩ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፣ ብዙ አየኝ።

«ልክ ነዎት ጋሼ። የኔው ዓይን ነው» አለና ፎቶዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ተናደድኩ። ማን ለመነው? እኔ ባጠፋሁ እሱ ሥራውን ሊያጣ ነው።

«አባባ፣ ማያውን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «የቅርቡንም አልለካሁም።»

አባቴ ካሜራውን አንስቶ ዓይኑ ላይ ደቀነ። መጀመሪያ በመስኮቱ፣ ቀጥሎ ወደ ጠረጴዛው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። መሣሪያዎቼን እንድሰበስብ እስኪነግረኝ ጠበቅኩ።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አለው።

«አውቅ ነበር።»

አባቴ ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየንና ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ። ያጠፋሽውን አንቺው ጻፊ፣ ፈርመሽም አንቺው አድርሺ፣ ስትመለሺ የቅርቡን ትለኪያለሽ አለኝ።

«ማያውስ?» አልኩት።

«ሰፊው ይቆይ» አለ፣ ሳያየኝ።

ደረጃውን ስንወርድ ንዴቴ ገና አልበረደም። «ማን ዋሽልኝ አለህ?» አልኩት።

«ሥራ ሌላ ይገኛል» አለ፤ ቆመ። «አንቺን ከዚህ ቢያስነሱሽ ግን የት ብዬ እመጣለሁ?»

ክንዱን ያዝኩት፤ ፎቶ ቤቱ ደርሰን ባለቤቷ ወረቀቱን አንብባ «ሂድ፣ ድጋሚ አንሳቸው» እስክትለው ድረስ አልለቀቅኩትም።