የቀላው የሹሩቅ መዳፍ

ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር የሚኖረው ሸዝሊ ልጁን መጠርጠር የጀመረው በመዳፏ ነው። ሹሩቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ “ጓደኛዬ ቤት ነኝ” ብላ ትወጣና መዳፏ በርበሬ መስሎ ትመለሳለች። ወጥ ቤት ሆና የምታንጎራጉረውንም እሱ ሲገባ ታቆመዋለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ “በላህ?” “በላሁ” ከመባባል ያለፈ ወሬ የላቸውም።

አባት የሆነ ሰው እንዲህ ሲሆን ልጁን ይጠይቃል። ሸዝሊ ግን የሕንፃውን ዘበኛ ጠየቀ፤ ባለሱቁን ጠየቀ፤ የጓደኛዋን እናት ጠየቀ። ሴትዮዋ ሹሩቅን ካየቻት መንፈቅ እንዳለፋት ነገረችው። በቃ፣ ወንድ አለ። ከትምህርቷ ሊያስቀራት ወስኖ በሚቀጥለው ዓርብ ተከተላት።

አብዲን ሰፈር ላይ ከሜትሮ ባቡሩ ወረደች። የገባችበትን በር ሸዝሊ ያውቀዋል። ከደቡብ ግብፅ፣ ከአስዋን በኩል የመጡት የኑቢያውያን፣ ያውም የገዛ መንደሩ ልጆች ማኅበር ነው። ለሠርግም ለለቅሶም ረግጦት አያውቅም። ልጅ ሳለ “የዘበኛ ልጅ” እያሉ በአረብኛ አነጋገሩ የተሳለቁበትን የካይሮ ልጆች እስከ ዛሬ ይቅር አላላቸውም፤ ይገባቸዋል። ሹሩቅ እንዳይደርስባት ብሎ ግን ከኑቢያ ቋንቋው አንድ ቃል ቤት ውስጥ አልተነፈሰም።

በሩን በርግዶ “የታለ ሰውዬው?” አለ።

ሹሩቅ ከአሮጊቶች መሃል ከበሮ ታቅፋለች። መዳፏን ያቀላው ከበሮው ነው።

ሐጃ ደሂባ የምትባለው አሮጊት ከላይ እስከ ታች አየችው። “የኛ ሸዝሊ አይደለህ? ሰውዬውማ አሁን ገና ገባ።” ሴቶቹ ሳቁ። “ለመሆኑ ልጅቷን ጠይቀሃት ታውቃለህ?”

“ብጠይቃት ትዋሸኛለች።”

“አዎ፣ ዋሽቻለሁ” አለች ሹሩቅ። “ከየት ነን ስልህ ‘አስዋን’ ብለሽ እለፊ ነው ያልከኝ። ስለ እናትህ ስጠይቅህ ዝም። ሌላ ቦታ ሄጄ ጠየቅሁ። ሰው ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ ብዬ ግን አላሰብኩም፣ አባዬ። ቤት አልመለስም።”

እውነትም ሐጃ ጋ ሰነበተች። ሸዝሊ በባዶ ቤት “በላህ?” የሚለውም ሰው አጣ።

በሳምንቱ ዓርብ መጥቶ በሩ ሥር ተቀመጠ። ማንም አላናገረው። ሐጃ አንድ እሹሩሩ ስታስተምር ሁለተኛው ስንኝ ጠፋባት። ሸዝሊ አንገቱን ደፍቶ ስንኙን ቀጠለላት። ልጅ ሳለ እናቱ የምታስተኛው በዚያው እሹሩሩ ነበር።

ያን ቀን አባትና ልጅ አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። ሜትሮው ውስጥ ሹሩቅ ስንኙን ድገምልኝ አለችው። ሸዝሊ የተሳፋሪውን ፊት በጥርጣሬ አንድ በአንድ ቃኘ። ከዚያ ሁሉም እየሰማው አዜመላት።

ወላጆች ሆይ፣ የሰደቡን ሰዎች ነውራቸው የራሳቸው ነው። ስድባቸውን ፈርተን ልጆቻችንን በዝምታ ማሳደጋችን ግን የኛ ነው። ዘበኛውን ተዉትና ልጃችሁን ጠይቁ፤ እሷ ስትጠይቃችሁም መልሱላት።